ደወል ከተደወለ በር ይዘጋል

የልጅነቴ ቅዳሜዎች ያለቁት መኪና ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ ወንዝ ይወርዳል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ይፈነከታል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኪቤት ግን በኪፕሶሞይ ክለብ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የአባታችን ነጭ ፔጆ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቺፕስ እንበላለን። ቺፕሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በመስኮት ይሰጠናል። ኮምጣጤው ጋዜጣውን ያረጥበውና ፊደሉ ቺፕሱ ላይ ይታተማል። ኪቤት ገና ማንበብ ስለማይችል ከመብላቱ በፊት እኔ ነበርኩ የማነብለት።

"ይሄ ምን ይላል?"

"ሚኒስትሩ ይላል።"

"አምጪው፣ ሚኒስትሩን እኔ ልብላው።"

በየመኪናው እንደኛ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። በመስኮት ምላስ እናወጣለን፣ እንሰዳደባለን፣ ይመሻል፣ እንተኛለን። ዓለም እንዲህ የተሠራች ነበር የሚመስለኝ፤ አባቶች ውስጥ፣ ልጆች መኪና ውስጥ።

ክለቡን የሠሩት የሻይ እርሻ የነበራቸው እንግሊዞች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ አባቶቻችን ከነወንበሩ፣ ከነጎልፍ ሜዳው፣ ከነደንቡ ተረከቡት። ወንበሩ ተሰበረ፣ ሜዳውን አረም በላው፣ ደንቡ ግን ንክች አላለም። ልጅ ክለቡ ውስጥ አይገባም። ሴት ደግሞ የራሷ ክፍል አላት እንጂ ወንዶቹ የሚጠጡበት አትገባም፤ ደፉ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል። እናቴ አባቴን ስትፈልገው የጫማዋን ጫፍ ከመስመሩ ጋር ገጥማ፣ አስተናጋጁ ዞር ብሎ እስኪያያት ትቆማለች። እኔ ከመኪናው ሆኜ ሳያት ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን መስመር ረግጣ ስለማታውቅ፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ተጫዋች ናት ብዬ እኮራባት ነበር። እኔ ሞኟ!

አባቴ፣ አራፕ ቦሬ፣ የሻይ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። በኪፕሶሞይ እንጀራው ከፋብሪካው ያልሆነ ሰው አልነበረም። ባባ መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ቀይ ኮፍያ የሚወድ ሰው ነበር። ሰው ፊት ሲስቅ የማያውቀው እንኳ አብሮት ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ሳቁን ከኮፍያው ጋር በር ላይ ይሰቅለዋል።

የቤታችን ባኞ ደግሞ ያንሸራትት ነበር። እናቴ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ እየወደቀች ፊቷን ትመታለች። ቅዳሜ ክለብ ስትሄድ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች። አንድ ቀን ሽንት ቤት ልትወስደኝ በሴቶቹ ክፍል ስናልፍ አንዷ፦

"ሮዳዬ፣ መነጽሩ ሲያምርብሽ! ባኞው ዛሬም አንሸራተተሽ እንዴ?" አለቻት።

"ሳሙና ነው" አለች እናቴ።

"ተይው፣ የኔም ቤት ባኞ ድሮ ያንሸራትት ነበር። ኋላ ባለቤቱ አረጀና ደረቀ።"

ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ሞቱ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩ አሳስቦኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባኞ ቤት ስገባ ግድግዳውን ይዤ፣ በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምራመደው። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ፣ ገላዬን ስታጠብ ግድግዳ እይዛለሁ። ነገሩ ከገባኝ በኋላም እግሬ አልሰማ አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሳምንቱ መሐል ላይ እናታችን ዘንቢል አንጠልጥላ፣ እኛን ይዛ ማታቱ የምንለው የሕዝብ ታክሲ ላይ ተሳፈረች። ናኩሩ፣ አክስቴ ሮዚና ጋ ልንሄድ ነው አለችን። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሾፌሩ በመስተዋቱ እናቴን ያያታል፣ ያያታል፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ መኪናውን አዞረና በራችን ድረስ መለሰን። ወርዶም በሩን ከፈተልን። እናቴን፦

"ማማ ቼላጋት፣ ይቅር ይበሉኝ። ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚሠራው። እኔም ልጆች አሉኝ" አላት።

ቼላጋት እኔ ነኝ፤ በኛ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። ሾፌሩ ምንኛ ጨዋ ነው አልኩ፤ ቤታችን አድርሶን፣ ስለ ቤተሰቡ አጫውቶን ሄደ። ያን ማታ ባኞው ክፉኛ አንሸራተታት። መንገድ አድክሟት ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የቅዳሜው ጨዋታ የተጀመረው።

ሳቪታቤን የጨርቅ ነጋዴው የፓቴል ሚስት ናት። ቤን ማለት በነሱ እህት እንደ ማለት ነው። ወፍራም፣ ለፍላፊ፣ አፏ የማያርፍ፣ በከተማው ውስጥ መኪና የምትነዳ ብቸኛ ሴት ነበረች። ባባ ጎልፍ ሊጫወት ሲወርድ፣ ለኛ ሲል የመኪናውን ቁልፍ ለእናቴ ይሰጣታል። "ምን ታደርግበታለች? ጆሮዋን ትኮርኩርበት እንጂ" እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። ሜዳው ከሻይ ኮረብታው ጀርባ ይዞራል። ቀይ ኮፍያው ኮረብታውን ዞሮ ሲሰወር ሳቪታቤን ከሴቶቹ ክፍል ብቅ ትልና ፔጆው ውስጥ፣ ከእናቴ ጎን፣ እየተነፈሰች ትገባለች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የማገዶ መኪና የሚዞርበት ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። የኔና የኪቤት ሥራ አሮጌው የውኃ ታንከር ላይ ወጥተን ቀዩን ኮፍያ መጠበቅ ነው። ኮፍያው በኮረብታው ብቅ ሲል ታንከሩን በድንጋይ እንመታለን። ቀድሞ ያየ ፋንታ ይገዛለታል። ድብብቆሽ ነበር የመሰለን፤ ባባን የምንደበቅበት ትልቅ፣ የሚጣፍጥ ድብብቆሽ።

ከታንከሩ ላይ ሆነን እንሰማቸዋለን።

"ሮዳ! ክላች ነው እንጂ እባብ አይደለም፣ ምን እንዲህ ያስረግጥሻል! ቀስ። ከተኛ ሕፃን ሥር እጅሽን እንዴት ነው የምታወጪው? ልክ እንደዚያ። ቀስ።"

"ጠፋ።"

"ይጥፋ! የጠፋው ሞተሩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። አስነሺው።"

እናቴ ትስቅ ነበር። ስትስቅ የሰማኋት እዚያ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የዶሮ ላባ መሐል ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሳቪታቤን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ "ከድልድዩ ወዲያ ያለው ዳገት ነው የሚያስፈራኝ። ዳገት ላይ ከጠፋብሽ የእጅ ፍሬኑን እንዳትረሺ" አለቻት። ቀጥላም፦ "ሮዚና ታውቃለች?"

"ታውቃለች። አልጋ አንጥፋ እየጠበቀችኝ ነው።"

አክስቴ ሮዚና ናኩሩ ሆስፒታል ነርስ ስለነበረች፣ አልጋ ማንጠፍ ሥራዋ ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ ያን ጊዜ ሐሳቤ ሁሉ ደወሉ ላይ ነበር። በረንዳው ላይ የናስ ደወል ተሰቅሏል። ከአባላቱ አንዱ ኳሱን በአንዲት ምት ብቻ ጉድጓድ ያስገባ እንደሆነ ደወሉ ይደወላል፤ ዘበኛው በሩን በሰንሰለት ይዘጋል፤ ግቢው ውስጥ ያለ ፍጥረት በሙሉ በባለ ዕድሉ ስም ሳይጠጣ አንድም ሰው አይወጣም። ቀድሞ የወጣ የሰውየውን ዕድል ይዞበት ይሄዳል ይባላል። ይህን እንግሊዞቹ በቀልድ የጀመሩት ነው አሉ። የኛዎቹ ግን ከምር ያዙት፤ ዕድል ደግሞ በኛ አገር አይቀለድበትም። በዚያ ቀን ልጅም ከመኪና ወርዶ ፋንታ እስኪበቃው ይጠጣል። እኔ ከተወለድኩ ደወሉ ተደውሎ አያውቅም። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን የልባችሁን ለምኑ ስትለን፣ እኔ እሑድ እሑድ ዓይኔን ጨፍኜ ደወሉን ነበር የምለምነው። እግዜር የኔን ሰማ አልልም፤ ከኔ የባሰ ስንት ጉዳይ አለበት።

የዚያን ቅዳሜ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናታችን ግን ባባ ሬዲዮ ሲሰማ ጓዳ አስገብታ ሁለት ሁለት ሹራብ አለበሰችን፤ ለኪቤት ሦስት። ከላይ ኮት ደረበችልን። ኪቤት እጁ አልታጠፍ ብሎት እንደ ማሽላ ማስፈራሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ማሚ፣ ይሞቃል!"

"ኋላ ይበርዳል።"

ባባ ቸኩሎ ስለነበር ዞር ብሎም አላየን። ክለብ ደርሰን ኮፍያው ኮረብታውን ሲዞር ሳቪታቤን መጣች። የዚያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ አልገባችም። ትልቅ ከረጢት የተጠበሰ ሽምብራና ለውዝ በመስኮት አቀበለችንና "ለመንገድ" አለች። ቤታችን እኮ እዚያው ነው፣ ይሄን ሁሉ በየት መንገድ ልንበላው ነው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ኩሏ በጉንጯ ወረደ። ዓይኗን ፀሐይ ወጋት አልኩ።

"ወደ ኋላ አትዪ። መስተዋቱን እንኳ አትዪው" አለቻት።

እናቴ ሞተሩን አስነሳች። እኔና ኪቤት ታንከሩ ላይ እንወጣ ብንል "ዛሬ እዚሁ" አለችን። በወጥ ቤቱ በኩል አዙራ ወደ መውጫው ነዳች። አንዴም አልጠፋባትም። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከበሩ ወዲያ ወደ ድልድዩ የሚወስደው ቀይ አፈር መንገድ ይታየኛል። በሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ደወሉ ተደወለ።

"ደወሉ!" ብዬ ጮህኩ። "ማሚ፣ ደወሉ! ፋንታ!"

ምዜ ኪሜሊ የክለቡ ዘበኛ ናቸው፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ትንሽ ትልቁ ምዜ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ደወል ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል እየሮጡ በሩን ገፉት፣ ሰንሰለቱን ጠመጠሙት፣ ቆለፉት። ዞረው እናቴን መሪ ላይ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ምዜ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ" አለች እናቴ።

"ማማ ቼላጋት! ደወሉን አልሰሙም እንዴ? ማን ይወጣል ዛሬ!"

"ልጄን አሞብኛል። ኪቤትን ሐኪም ቤት ላደርሰው ነው።"

"እኔን? እኔን ምንም አላመመኝም!" አለ ኪቤት፣ አፉን ሽምብራ ሞልቶ።

ምዜ ሳቁ። "ልጁ እንኳ ደግሶ ነው የመጣው!" ከሜዳው በኩል የጎልፍ ዱላ ተሸካሚዎቹ እየጨፈሩ ብቅ አሉ። ምዜ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩና ዘለሉ፤ እውነቴን ነው፣ እኚያ ሽማግሌ ዘለሉ። "እልል በሉ ማማ ቼላጋት! የርስዎ ሰው ነው! አራፕ ቦሬ ነው!"

እናቴ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቀረች። ሞተሩ እየሠራ ነው። በሩን ታየዋለች። ጆሮዋ ሥር ያለው ጅማት ሲመታ ከኋላ ሆኜ አየው ነበር። ደስታ ነው አልኩ፤ የኔም ልብ እኮ እየመታ ነው።

ባባን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ቀይ ኮፍያውን እያውለበለበ ይስቃል። ፔጆውን አየ፣ መሪው ላይ ያለችውን አየ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሰው ሁሉ እሱን ማየት ጀመረ። የክለቡ ሊቀመንበር ቀድሞ ጮኸ፦

"ቦሬ! አንተ የታደልክ! ሚስትህ ራሷ እየነዳች ልትቀበልህ መጣች!"

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ባባ ከትከሻቸው ወረደና አብሯቸው ሳቀ። "ሾፌር አገኘሁ እኮ ጎበዝ! ከእንግዲህ ማን ቤትህ ግባ ይለኛል!" አለ። ጭብጨባው እጥፍ ሆነ። ከዚያ መጥቶ በመስኮት ጎንበስ አለና እናቴን ግንባሯን ሳማት። የተናገረውን እኔ ብቻ ሰማሁት።

"ማን አስተማረሽ?"

"አንተን እያየሁ" አለች እናቴ።

ወደኛ ዞረ። የኮቴን አንገትጌ በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። የኪቤትንም አየ። ከረጢቱን አየ። "ልጆቼን ሞቋቸዋል" አለ፣ ድምፁ እንደ ማር ነበር። የኋላውን በር ከፈተና ኮታችንን አወለቀልን፤ ከዚያ ሹራባችንን አንድ በአንድ፣ በአናታችን እየሳበ፣ ፀጉራችንን እንዳይጎትተው እየተጠነቀቀ አወለቀልን። እያንዳንዱን አጥፎ ክንዱ ላይ ደረደረው። ሴቶቹ "ወይ አባት! ወይ አባት!" አሉ። በሕይወቴ እንዲያ አለስልሶ ነክቶኝ አያውቅም። ከኛ ወዲያ ሳቪታቤን ወጥ ቤቱ ጥግ ቆማለች፤ አታጨበጭብም፤ ቀናች አልኩ።

ባባ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። "ንጂው!" አላት። እናቴ መኪናውን አዞረችና ሕዝቡ እየዘፈነ፣ ባባ ኮፍያውን እያውለበለበ፣ ወደ ክለቡ መለሰችን። ፋንታ ጠጣሁ፣ ጠጣሁ፣ በመጨረሻ ባሕር ዛፉ ሥር አስታወኩ። የልጅነትሽ ደስተኛ ቀን የቱ ነው ብትሉኝ፣ ለብዙ ዓመት ይህንን ነበር የምናገረው።

ያን ሳምንት ባኞው እናቴን አልጋ ላይ ጣላት። ከዚያ ወዲህ ባባ ቁልፉን በሰው ፊት፣ በሥነ ሥርዓት ይሰጣታል፦ "ሾፌሬ!" እያለ። ድሮ እነዳለሁ ብሎ በልኩ ይጠጣ ነበር፤ አሁን ልኩ ቀረ። እናቴም ሴቶቹ ክፍል መግባቷን ትታ እሱ እስኪወጣ መሪው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እኔ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። የሌሎቹ ልጆች መኪና ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ የኛ እናት ግን ከኛ ጋር ናት! ሳቪታቤን አልፎ አልፎ መጥታ በመስኮት ሽምብራ ትሰጠናለች። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም፣ እጅ ለእጅ ብቻ ይያያዛሉ።

ዓመታት አለፉ። ፋብሪካው ተሸጠ፣ ባባ ሞተ፣ አባላቱ አንድ በአንድ አለቁ፣ ክለቡ ተዘጋ። እናቴ ባባን ከቀበርን ጀምሮ መሪ ነክታ አታውቅም። እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ምዜ ኪሜሊ ሞቱ ሲባል "መሄድ አለብኝ" አለች፤ ይዣት ሄድኩ። ቀብሩ ላይ የምዜ ልጅ ተነስቶ እንዲህ አለ፦

"አባታችን ሳይሰለች የሚያወራት አንዲት ታሪክ ነበረችው። አራፕ ቦሬ በአንድ ምት ያስገባ ቀን፣ ለሚስቱ የምሥራቹን መጀመሪያ የነገርኳት እኔ ነኝ ይል ነበር። ማማ ቼላጋት ይኸው እዚህ አሉ፤ ምስክር ናቸው።"

ሰው ወደ እናቴ ዞሮ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። እውነቱን ለምዜ አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

ስንመለስ ክለቡ ጋ አቁሚ አለችኝ። ግቢው ውስጥ ገብቼ አዙሬ፣ ፊቴን ወደ መውጫው አድርጌ ቆምኩ። ጣራው ተገፏል፣ ሜዳው በቆሎ ተዘርቶበታል፣ ደወሉንም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። የግቢውን በር አንዱ ለከብቶቹ በረት ነቅሎታል፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ብቻ ቆመዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠይቃት የኖርኩትን ጠየቅኋት።

"ማሚ፣ ሹራቦቹ..."

"ሻንጣ ብይዝ ያዩኛል። ልብሳችሁን የት ልደብቀው? እላያችሁ ላይ ደበቅኩት።"

"ታዲያ ሌላ ቀን ለምን አልሄድሽም? መንዳቱን ችለሻል። ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው።"

ተናደደች። እናቴ ስትናደድ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። "በየት? የቦሬ ሾፌር ተባልኩ። ብቻዬን ከታየሁ፣ ቦሬ የት አለ ነው ጥያቄው፣ ከገበያ እስከ ድልድዩ! ቁልፍ በእጄ ይዤ እስረኛ ነኝ ብል ማን ያምነኛል? አንቺስ ታምኚኝ ነበር?"

አላምናትም ነበር። ፋንታ ነበር የምጠይቃት። እጇን ያዝኩና አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ምሰሶዎቹን ስታይ ቆየችና በሯን ከፍታ ወረደች። በመኪናው ፊት ዞራ እኔ በር ጋ መጣች።

"ውረጂ።"

"ምን?"

"ውረጂልኝ፣ እኔ ልንዳ።"

ወረድኩ። እኔ እሷ ቦታ ስቀመጥ መሪውን ይዛ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ማርሹን ነቀነቀች፣ መስተዋቱን ወደ ሰማይ አዞረችው።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ናኩሩ።"

"ማሚ፣ አክስቴ ሮዚና እኮ ከሞተች ቆየች።"

"አውቃለሁ" አለችና ክላቹን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።